የፎርክሊፍቱን ሞተር ቮልስዋገኑ ላይ ከመግጠምህ በፊት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ምናለሽ ተራ አንድ የፎርክሊፍት ሞተር አግኝቼ ገዛሁ። የተለጠፈበት የጽሑፍ ሳህን ላይ 48 ቮልት ይላል፣ አራት ወፋፍራም ቡሎን ወጥቶለታል። በመኪና ባትሪ ስሞክረው ዞረ፤ እንዲያውም እየቆየ ፍጥነቱ ይጨምራል። የአባቴ ቮልስዋገን ላይ ልገጥመው ነው። 8 ባትሪ ደርድሬ በ96 ቮልት አንዴ ላሽከርክረውና ጤነኛ ከሆነ ልግጠመው?»

ወንድሜ፣ 96 ቮልቱን ተወው። ሞተሩ ምንም ሳይሸከም መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ከ12 ቮልት በላይ እንዳትሰጠው። ሌላውን ባታነበው እንኳ ይህቺን ያዝልኝ።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ከአራቱ ወፍራም ቡሎን እንደምገምተው ያንተ ሞተር ሲሪስ የሚባለው ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ማግኔቱን የሚሠራው ጥቅል፣ ፊልድ የምንለው፣ እና የሚዞረው አርማቸር ተከታትለው የተቀጠሉ ናቸው። በሁለቱም የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ሞተሩ ሲሸከም ከረንቱ ይበዛል፣ ማግኔቱ ይጠነክራል፣ ፍጥነቱም ልክ ይይዛል። ሸክም ሲያጣ ከረንቱ ይወርድና ማግኔቱ ይሳሳል፤ ማግኔቱ በሳሳ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ የባትሪውን ቮልት የሚመክት ግፊት ከውስጡ ለማመንጨት የበለጠ መሮጥ ይኖርበታል፣ ሲሮጥ ከረንቱ እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ይሮጣል። «እየቆየ ይጨምራል» ያልከው ይህንኑ ነው። ጤናማ ባሕርይው ነው፣ አትደንግጥ። በ12 ቮልት ጊዜ የኩሽኔታው፣ የካርቦኑ (እየታከከ ከረንቱን ወደ አርማቸሩ የሚያደርሰው ቁራጭ) እና የንፋሱ ፍትጊያ ይይዘዋል። በ96 የሚይዘው የለም።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቃሊቲ አካባቢ ስሠራ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ እንዳንተው ዓይነት ሞተር ባዶውን 48 ቮልት ሰጡት። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፣ የያዘው ልጅ ካቦውን ለመንቀል ጎንበስ እያለ ሳለ ፈነዳ። ኮሙቴተሩ ላይ፣ ማለትም ካርቦኖቹ በሚያርፉበት የመዳብ ቀለበት ላይ፣ ያሉት የመዳብ ቁርጥራጮች ከቦታቸው ተነቅለው ቀፎውን ከውስጥ ቀጠቀጡት፣ አንዱ በካርቦኑ መስኮት ወጥቶ ጣሪያውን በሳ። ልጁ ጎንበስ ማለቱ ነው ያተረፈው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲሪስ ሞተር ሲፈተሽ በመስኮቶቹ ትይዩ ሰው አላቆምም፣ አንተም እንዳትቆም።

አሁን ወደ ፍተሻው። መጀመሪያ የያዝከውን እወቅ። ፎርክሊፍት ላይ ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሞተር ይኖራል፤ አንዱ ጎማ የሚነዳው፣ ሌላው ሹካውን የሚያነሳውን የዘይት ፓምፕ የሚያዞረው። ሳህኑ ላይ ከኪሎ ዋቱ አጠገብ የተጻፈውን አንብብ። 60 ደቂቃ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎማው ነው፤ ያንን ጉልበት ለአንድ ሰዓት ይሸከማል ማለት ነው። 15 በመቶ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ከሆነ የፓምፑ ነው፤ ከ10 ደቂቃ አንድ ደቂቃ ተኩሉን ብቻ ሠርቶ ሌላውን እንዲያርፍ የተሠራ። ሁለቱም ላይ «8 ኪሎ ዋት» ተጽፎ ልታገኝ ትችላለህ፣ ግን ዳገት ላይ እኩል አይደሉም። የጎማውን ሞተር ከያዝክ ዕድለኛ ነህ። ሆኖም አንድ ጣጣ አለው፦ ብዙዎቹ በዘንጉ በኩል ክዳንና ኩሽኔታ የላቸውም፣ ያንን የሚሸፍነው የፎርክሊፍቱ ካምቢዮ ነበር። ያንተም እንዲያ ከሆነ ቶርኖ ቤት ክዳን ሳታሠራ ምንም ዓይነት የማዞር ሙከራ አታድርግ፣ አርማቸሩ ከፊልዱ ብረት ጋር ይፋጫል።

ቡሎኖቹን በቴስተር ለያቸው። አሜሪካ ሠራሽ ከሆነ ኤ1፣ ኤ2 አርማቸሩ፣ ኤስ1፣ ኤስ2 ፊልዱ ናቸው። አውሮፓ ሠራሽ ላይ ፊልዱ ዲ1፣ ዲ2 ይባላል። አራቱም እኩል ወፍራም ከሆኑ ሲሪስ ነው። ሁለቱ ወፍራም ሁለቱ ቀጭን ከሆኑ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ፊልዱ ለብቻው በትንሽ ከረንት ይመገባል፣ እኔ ከዚህ በታች እንደምነግርህ አርማቸሩ ላይ ብትቀጥለው ታቃጥለዋለህ። ሦስት ወፍራም ቡሎን ብቻ ቢኖረው ደግሞ ባትሪ ጨርሶ አያዞረውም፣ የባትሪውን ቀጥተኛ ከረንት (ዲሲ) ወደ ተለዋዋጭ (ኤሲ) የሚቀይር ኢንቨርተር ይፈልጋል።

ከዚያ ምንም ሳትቀጥል በዓይንህ እየው። የካርቦን መስኮቶቹን የሸፈነውን ቆርቆሮ ፍታና በባትሪ መብራት ኮሙቴተሩን ተመልከት። ቀለሙ እንደ ቡና ጠቆር ያለና ወጥ ከሆነ ደስ ይበልህ። ያ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፣ ካርቦኑ በመዳቡ ላይ የሠራው ሽፋን ነው፣ አትፈቅፍቀው። ሁለት ሦስት መዳብ ብቻ ተለይቶ የጠቆረ ወይም ጠርዙ የተበላ ካየህ ግን እዚያ ጋ የተበጠሰ ወይም የተገናኘ ጥቅል አለ ብለህ ጠርጥር። በመዳቦቹ መካከል ያለችው ቦይ ከመዳቡ በታች ግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት። ቦዩ ከመዳቡ ጋር እኩል ከሆነ ኮሙቴተሩ በጣም ተበልቷል ማለት ነው፣ ካርቦኑ እየዘለለ ብልጭታ ይፈጥራል። ቶርኖ ላይ በስሱ አስላጭተህ ቦዩን በሲጌቶ ምላጭ ታወጣለህ። ማለስለሻው ብርጭቆ ወረቀት ይሁን። ጥቁሩን የብረት ሸራ ወረቀት አትጠቀም፣ ደቃቁ መዳቡ ላይ ተሰክቶ ካርቦንህን ይበላዋል።

ስለ ካርቦኑ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ያለቀ ካርቦን ሲያገኙ ሶማሌ ተራ ሄደው የከባድ መኪና ሞተሪኖ ካርቦን ገዝተው፣ ሞርደው ያስገቡታል። ይገባል፣ ይዞራልም። ግን የሞተሪኖ ካርቦን መዳብ የበዛበት ነው፣ ለ12 እና ለ24 ቮልት፣ ለጥቂት ሰከንድ ሥራ የተሠራ። አንተ መጨረሻ ላይ በምመክርህ 72 ቮልት አንድ ሰዓት ስትነዳበት ብልጭታው ይበዛል፣ ኮሙቴተሩንም ይልሰዋል። ካርቦኑ ካጠረብህ ከሌላ አሮጌ የፎርክሊፍት ሞተር ላይ የተፈታ ብትፈልግ ይሻልሃል። አዲስ ስትገጥምም ብርጭቆ ወረቀቱን ሻካራው ወደ ካርቦኑ ሆኖ ኮሙቴተሩ ላይ ጠቅልለህ፣ አርማቸሩን በእጅህ እያዞርክ የካርቦኑን ግንባር የቀለበቱን ቅርጽ አስይዘው።

ኩሽኔታውን አታስብበት። ቁጥሩን አንብበህ አዲስ፣ ሁለት ጎኑ የተሸፈነ ግጠምለት። ከሌላው ወጪህ አንጻር ኢምንት ነው።

ዋናው ነገር ኢንሱሌሽኑ ነው፤ ሽቦውን ከቀፎው ብረት የሚለየው ሽፋን። ሞተሩ ምናለሽ ተራ ከመድረሱ በፊት ሜዳ ላይ ስንት ክረምት እንደመታው አታውቅም። ውስጡ ደግሞ የዓመታት የካርቦን ብናኝ አለ፣ ብናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ እርጥበት ሲጨመርበት ከሽቦው ወደ ቀፎው መንገድ ይሆናል። መጀመሪያ አስነፋው። ጎሚስታ ጋ ሄደህ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ትችላለህ፣ ግን ታንኩ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አስቀድመው እንዲያፈሱት ንገራቸው፣ አለዚያ ብናኙን በውሃ ታቦካዋለህ። አፍንጫህን ሸፍን።

ከዚያ ሜገር ፈልግ፤ ሽፋኑን በከፍተኛ ቮልት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጋ አይጠፋም። ተራው ቴስተር በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ የደከመ ሽፋን አያሳይህም። በ500 ቮልት ሜገር ከኤ1 ወደ ቀፎው፣ ከዚያ ከኤስ1 ወደ ቀፎው ለካ። የቀፎውን ቀለም ትንሽ ፍቀህ ባዶ ብረት ያዝ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ መኪና ላይ አይወጣም። እኔ ከ5 በላይ ሳላይ ልቤ አያርፍም። አንዳንዱ ሜገር ሲያጣ በ220 መስመር ላይ አምፖል ቀጥሎ ይሞክራል፤ እባክህ ይህን አታድርግ፣ ሽፋኑ ከተበላሸ ቀፎው ራሱ ይነዝርሃል።

ቁጥሩ ቢያንስብህ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። በነሐሴ ግማሽ ሜጋ ኦም ያነበብኩት ሞተር ሲደርቅ 20 ሲያልፍ አይቻለሁ። ጣውላ ሳጥን ውስጥ አስገባውና ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮውን የሚሞቅ አምፖል ከሥሩ ሳይነካው አብራበት፣ ላዩ ላይ እንፋሎት መውጫ ተውለት፣ ሁለት ቀን ይቆይ። እሳት ላይ ወይም ምጣድ ላይ አታስቀምጠው፣ ቫርኒሹ ይላጣል። ሲቀዘቅዝ ለካ፤ ሽፋኑ ሲሞቅ ንባቡ ስለሚወርድ የሞቀውንና የቀዘቀዘውን ማወዳደር ያሳስትሃል። ከደረቀ በኋላም ካልተነሳ እዚያ ጋ ችግሩ እርጥበት አይደለም፣ ጥቅለላ ይፈልጋል።

አርማቸሩን ለብቻው የምትፈትሽበት መንገድም አለ፣ ገንዘብ አያስወጣህም። ፊልዱን አታገናኝ። ባትሪውን በሁለት የመኪና የፊት መብራት አምፖል በኩል፣ አምፖሎቹን ጎን ለጎን ቀጥለህ፣ ኤ1 እና ኤ2 ላይ ስጥ። ፊልድ ስለሌለው አይዞርም፣ ወደ 9 አምፔር ገደማ ግን ያልፍበታል። ቴስተሩን ሚሊ ቮልት ላይ አድርገህ ኮሙቴተሩ ላይ ጎረቤት ለጎረቤት ያሉትን መዳቦች አንድ በአንድ ለካ። ንባቡ ትንሽ ነው፣ ጥቂት ሚሊ ቮልት፣ ግን የምትፈልገው መጠኑን ሳይሆን እኩልነቱን ነው። ሁሉም ሲቀራረቡ አንዱ ወደ ዜሮ ከወረደ ጥቅሉ እርስ በርሱ ተገናኝቷል። አንዱ ተነጥሎ ከዘለለ ተበጥሷል ወይም ብየዳው ለቋል። አርማቸሩን በእጅህ ትንሽ ትንሽ እያዞርክ ዙሩን ጨርስ። አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ነገር ግን «ዞሯል» ከሚለው ሙከራህ አሥር እጥፍ ይነግርሃል። አንድ ጥቅል የተበላሸበት ሞተር በ12 ቮልት ባዶውን ቆንጆ ሆኖ ይዞራልና።

ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንደገና በ12 ቮልት የምታዞረው። አሮጌ ጎማ ውስጥ አስቀምጠህ በገመድ እሰረው፣ ሲነሳ ይራገጣል። ኤ2ን ከኤስ1 ጋር አገናኝ፣ ባትሪው ኤ1 እና ኤስ2 ላይ። ካቦውን ባትሪው አናት ላይ በመንካት አታስነሳ፣ ባትሪው ጋዝ ሊኖረው ይችላል፤ የአሮጌ ሞተሪኖ ሶሌኖይድ (ትልቁን ከረንት በቀጭን ሽቦ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) በመካከል አድርገህ ከርቀት ክፈት። ብዙ ጊዜ ትልቅ ሞተር በዚህ ሁኔታ ከ30 እስከ 60 አምፔር ነው የሚወስደው። ክላምፕ ሜትር፣ ኬብሉን አቅፎ ከረንት የሚለካውን፣ ስትዋስ ዲሲ የሚለካ መሆኑን እይ፣ ርካሾቹ ኤሲ ብቻ ነው የሚለኩት። አቅጣጫውንም እዚሁ አረጋግጥ። ቮልስዋገን ከመኪናው ኋላ ቆመህ የሞተሩን ፑሌጃ ስታይ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ አዲሱም እንዲሁ መዞር አለበት። በተቃራኒው ቢዞርብህ የባትሪውን ጫፍ ማለዋወጥ ምንም አይለውጥም፤ ኤስ1ን በኤስ2 ቦታ አድርግ።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ግን ሞተሩ ያልሞተ መሆኑን ብቻ ነው። መኪና መግፋት መቻሉን የሚነግርህ ሸክም ነው፣ ሸክሙ ደግሞ በእጅህ አለ፤ ቮልስዋገኑ ራሱ። ካምቢዮው ላይ ገጥመው፣ ሜዳ ቦታ ላይ መኪናውን አውጣና ያንኑ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በወፍራም የብየዳ ኬብል ስጠው። በ1ኛ ማርሽ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ይህ ቀላል ሸክም ነው። ከዚያ 3ኛ ማርሽ አስገባና ድገመው፣ ከረንቱ ወዲያው ይጨምራል። አንድ ሰው ፍሬኑን ቀስ እያለ ይርገጥ፣ አንተ ክላምፕ ሜትሩንና ካርቦኖቹን እይ። 200 አምፔር አካባቢ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያዘው፣ ከዚያ ልቀቅ። ማርሹ እንደገባ ይቆይ፤ ፍሪሲዮን ረግጠህ ሞተሩን ባዶውን አትተወው።

ይህን አመሻሽ ላይ ብታደርገው ጥሩ ነው፣ ብልጭታው በደንብ ይታያል። ከካርቦኑ ጠርዝ ሥር ደቃቅ ሰማያዊ ነጥብ ነጥብ የሚል ምንም አይደለም። ቀለበቱን ተከትሎ የሚሮጥ ብርቱካናማ እሳት ካየህ ግን ወዲያው ቁረጥ። ወይ ካርቦኑ ቦታውን አልያዘም፣ ወይ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ወይ ከመዳቦቹ አንዱ ከፍ ብሏል። ይህን ሳታስተካክል ቮልት መጨመር የለም።

አሁን ወደ ሱሉልታ ልምጣ። የመንገድህን ነገር ሳስብ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ከአዲሱ ገበያ ወደ ቤትህ ስትመለስ ዳገት አለብህ። መኪናው ከባትሪውና ከሁለት ሰው ጋር 1100 ኪሎ ቢመዝን፣ በ100 ሜትር 6 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 9 ኪሎ ዋት ገደማ ያስፈልግሃል። በመንገድ የሚባክነውን ስትጨምርበት ከባትሪው 11 ኪሎ ዋት ያህል ይወጣል፤ በ72 ቮልት ሲሰላ ወደ 153 አምፔር ነው፣ ሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው ደግሞ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ሳህንህ ላይ 6 ወይም 8 ኪሎ ዋት ተጽፎ ከሆነ ዳገቱን በሙሉ ከአቅሙ በላይ ነው የሚወጣው። ይቻላል፣ ለተወሰነ ደቂቃ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ የሚወስነው ሙቀቱ ነው።

ሙቀቱ ላይ ደግሞ ከፍታችን ይጫነናል። ሞተር ሲሠራ ሳህኑ ላይ የሚጻፍለት ጉልበት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አንተ ከ2500 ሜትር በላይ ነህ። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንጻር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ንፋስም ያንኑ ያህል ይደክማል። ሲሪስ ሞተር ዳገት ላይ ሲዘገይ ደግሞ ዘንጉ ላይ ያለው ማራገቢያም ይዘገያል፣ በጣም በሚሞቅበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻው በ12 ቮልት የሚዞር ማራገቢያ በካርቦኑ መስኮት በኩል እንዲነፋ አድርግለት፣ ከፊቱም አቧራ መያዣ ጨርቅ። ይህን እንደ ጌጥ እንዳታየው፣ እዚያ መንገድ ላይ ግዴታ ነው እላለሁ።

የሙቀት መለኪያ ከሌለህ ውሃ ይበቃሃል። እናንተ ጋ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ዳገቱን ጨርሰህ ቆመህ ቀፎው ላይ ጠብታ ጣል። ተንጫጭቶ ከፈላ ቀፎው 90 አልፏል፣ አርማቸሩ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ እዚያው ማራገቢያውን ከፍተህ አሳርፈው፣ በሚቀጥለው ቀን ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውጣ። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ከረንቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

በመጨረሻ ስለ ቮልቱ። ባለ 48 ቮልት ሞተር በ72 ቮልት፣ ቮልቱን እየመጠነ ከሚለቅ ኮንትሮለር ጋር፣ በደንብ ይሠራል፣ እኔ አንተን ብሆን ከዚያ ነው የምጀምረው። 96 የሚኬድበት ሞተርም አለ፣ ግን መጀመሪያ ኢንተርፖል እንዳለው እይ፣ ማለትም በትልልቆቹ የፊልድ ብረቶች መካከል የገቡ ቀጫጭን ተጨማሪ ብረቶች። ከሌለው ካርቦን የያዘውን ሳህን ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ማዞር ይኖርብሃል፣ አለዚያ በከፍተኛ ቮልት እሳት ይረጫል። ስትነዳ ደግሞ በደቂቃ ከ4000 ዙር በላይ እንዳታሳልፈው፣ ቮልስዋገኑም ከዚያ በላይ አይፈልግም። ኮንታክተር (ዋናውን ከረንት የሚቆርጥ ትልቅ ማብሪያ) እና የዲሲ ፊውዝ ሳይገባ 72ቱን እንዳታገናኝ፤ የቤት ፊውዝ ዲሲ ላይ ሲቆርጥ እሳቱ አይጠፋለትም።

የሜገሩን ንባብ፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና የኮሙቴተሩን ፎቶ ላክልኝ። ፎቶውን ቀን፣ ፀሐይ ላይ አንሳው፣ መዳቦቹን መቁጠር እንድችል።